ሃምሳ ኪሎ ሳይሞላ

ሳምራዊት በዚህ ዓለም ላይ አምርራ የምትጠላት አንዲት ቃል ነበረች። ስድብ አይደለችም፤ እርግማንም አይደለችም። እንዲያውም የሚናገሯት ሰዎች የሚወዷት ሰዎች ናቸው። ቃሏ «ከስተሻል» የምትለዋ ናት።

ጠዋት ከገርጂው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስትወርድ ጥበቃው «ሳምሪ፣ ምነው ከስተሻል?» ይላታል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ታገኛትና ሰላም እንኳን ሳትላት «ውይ! ከስተሻል!» ትላለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደህና ነሽ ግን?» ብላ ትጨምርበታለች። ያቺ «ግን»! የእኛ አገር ሰው የወፈረን «ተስማምቶሃል» ይላል፤ የከሳን ግን በሹክሹክታ ይመረምራል። ደግነቱ ነው መቼም፣ ምን ይደረግ።

«ደህና ነኝ» ትላለች ሳምራዊት። በቀን አሥር ጊዜ። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ።» አንዳንዴ በወረቀት ጽፋ ደረቷ ላይ ብትለጥፈው ደስ ባላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳምራዊት የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ባለ የጭነት መጋዘን ውስጥ ወደ ውጭ የሚላክ አበባ ሰነድ ታዘጋጃለች። ጨጓራዋን ስድስት ዓመት ታማለች። ያልዋጠችው ኪኒን፣ ያልጠጣችው ሽሮፕ፣ ያልተጠመቀችበት ጠበል የለም። ይባስ ብሎ እናቷ ወይዘሮ ፈለቀች ገርጂ ላይ ስማቸው የታወቀ ባለ ባልትና ናቸው። «የፈለቀች በርበሬ» ከተባለ ከሰሚት ድረስ ሰው ይመጣል። የእኚያ ሴትዮ ልጅ ደግሞ በዚያው በርበሬ የተሠራ ወጥ በቀመሰች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትንከባለላለች። ለእናት ከዚህ የበለጠ ውርደት ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን በቃኝ አለችና እሳት የነካውን ምግብ ሁሉ ተወች። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ውሃ ውስጥ ያደረ ኦቾሎኒ፣ የበቀለ ምስር። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ሄደ። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፤ ጠዋት ተነሥታ ከደስታዋ የተነሣ አለቀሰች።

ሕመሙ ሄደ፤ ኪሎዋም አብሮት ሄደ። ከሃምሳ ስምንት ወደ ሃምሳ አንድ ስትወርድ ሐኪሟ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አያት።

«ይህ ለሁሉም ሰው የሚሆን ነገር አይደለም» አላት። «አንቺን ካሳረፈሽ አላስገድድሽም። ለቁመትሽ ግን ከሃምሳ በታች ጤና አይደለም። ከዚያ ወርደሽ መመለስ ካቃተሽ ታቆሚያለሽ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች።

እናቷ ግን አልተስማሙም። «ብቅል ትበላለች ልጄ!» ይላሉ የበቀለውን ምስር ባዩ ቁጥር። «ሆዷ ውስጥ ጠላ ልትጠምቅ ነው እንዴ? ኧረ በማርያም!»

ፊሊጶስን ያገኘችው በዚህ ጊዜ ነው።

ፊሊጶስ የሚዛን ባለሙያ ነው። አንድ የሚዛን ጥገና ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ በየሦስት ወሩ መጋዘኑ ድረስ መጥቶ በሃያና በአሥር ኪሎ መፈተሻ ብረቶች ሚዛኖቹን ይፈትሻል፣ የተዛባውን ያቃናል፣ ማኅተሙን ለጥፎ ይሄዳል። የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሳምራዊት ከመጋዘኑ ጀርባ ጥላ ሥር ተቀምጣ ስትበላ፣ አንድ ፀጉሩን አጭር የተቆረጠ፣ እጁ ላይ ቅባት ያለበት ረጅም ልጅ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጾም ገባ እንዴ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምሳ።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን።»

ሳምራዊት ምክሩን ለመስማት ተዘጋጀች። አሁን ደግሞ ስለ ደም ማነስ ሊነግረኝ ነው፣ አክስቱ በዚህ ነገር መሞቷን ሊነግረኝ ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

«ልቅመስ?» አላት።

ደነገጠች። በዘጠኝ ወር ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሳህኗን ሰጠችው። ከበቀለው ምስር አንድ እፍኝ አፉ ውስጥ ጨመረና ማኘክ ጀመረ። አኘከ፣ አኘከ፣ አኘከ።

«እሺ?» አለች ትዕግሥቷ አልቆ።

«ይሄ ምስር» አለ በመጨረሻ «ለዘር ነው እንጂ ለምሳ አልተዘጋጀም።» ይህን ብሎ ሁለተኛ እፍኝ አነሣ።

«ታዲያ ለምን ትደግማለህ?»

«እኛ አንዴ መዝነን አንፈርድም። ሦስቴ ነው።»

ሳምራዊት ሳቀች። በሦስተኛው እፍኝ ላይ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሁለቱም ማኘካቸውን አቆሙ። ከዚያ ወዲያ የመጋዘኑ ሚዛኖች በየሳምንቱ የሚበላሹ ይመስል ፊሊጶስ ከዚያ አካባቢ አልጠፋም።

ዓመት ሞላቸው። ቦሌ መንገድ ዳር ያለችው ጁስ ቤት ውስጥ የእነሱ የምትባል ጠረጴዛ ኖረቻቸው። እሱ በርገሩን ይበላል፣ እሷ ፓፓያዋን፤ ማንም ማንንም አይመክርም። ያስቀናል እኮ! ስለ ሥራው ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። «ሰው ይዋሻል» ይላት ነበር። «ወረቀትም ይዋሻል። እኔ ማኅተም ያደረግኩበት ሚዛን ግን አይዋሽም።» ሳምራዊት ይህን ስትሰማ ልቧ ይሞላል። ሁሉም ሰው በግምት በሚፈርድባት ከተማ ውስጥ የማይገምት ሰው አገኘች።

ወይዘሮ ፈለቀችም ወደዱት። እንዴት አይወዱት? የቀረበለትን ጥርግ አድርጎ ይበላል። «ይኸው ሰው እንዲህ ነው የሚበላው!» እያሉ ልጃቸውን በዓይናቸው ይወጓታል።

ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የአበባ ጭነት በዝቶ ሳምራዊት ለሁለት ሳምንት ያህል ምሳዋን እየዘለለች ሠራች። አንድ ምሽት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች። ፊሊጶስ መሬት ሳትነካ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ክሊኒክ ድረስ ተሸክሟት ሮጠ። የክሊኒኩ ሚዛን አርባ ዘጠኝ ተኩል አለ።

በማግሥቱ ወይዘሮ ፈለቀች ሁለቱንም ሳሎን አስቀመጧቸው።

«ፊሊጶስ፣ ሽማግሌ ልትልክ እንዳሰብክ አውቃለሁ። አንተንም እንደ ልጄ ነው የማይህ። ግን ያቺን ተመልከታት። እንዲህ ሆና ብድራት ሰው ‹ፈለቀች የታመመች ልጇን ሸኘች› ነው የሚለኝ። ሐኪሟ ሃምሳ ብሏል አይደል? እኔም ሃምሳ ብያለሁ። ሃምሳ ኪሎ ሳይሞላ የሽማግሌ እግር ይህን ደጃፍ አይረግጥም።»

«እማዬ፣ እኔ የአውደ ዓመት በግ ነኝ እንዴ?» ብላ ጮኸች ሳምራዊት።

«በግስ ሲሰጧት ትበላለች» አሉ እናት።

እንግዲህ ሁለት ነገር በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ። ሃምሳ ካልሞላች ሰላም የሰጣትን ምግብ ታጣለች፤ ሃምሳ ካልሞላች የምትወደውን ሰው አታገባም። በሳምንቱ ፊሊጶስ የመስተዋት ሚዛን ይዞላት መጣ። ገዝቶ፣ ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ አስተካክሎ።

«ይቺስ አትዋሽም አይደል?» አለችው እየሳቀች።

«ውጪባት» አላት ጫማውን እያየ።

ወጣች። አርባ ሰባት። ሳቋ ደረቀ፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳምራዊት ቆርጣ ተነሣች። ጥሬ ምግብ እየበሉ ኪሎ መጠበቅ ቅጠል እያላመጡ መዋል እንዳልሆነ ገባት። ምሳዋን መዝለል ተወች። ጠዋት አቮካዶ፣ ረፋድ ላይ ሙዝ ከተልባ ጋር፣ ምሳ የበቀለ ምስርና ሰሊጥ፣ ከሰዓት ተምር፣ ማታ ኦቾሎኒ። ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ ከሰነድ ይልቅ ሙዝ በዛ። የሥራ ባልደረባዋ ሀጀር «ወላሂ፣ አንቺ ልጅ ስትበዪ ነው የማይሽ፤ የት ነው የምታደርጊው?» እያለች ትስቅባታለች።

እውነትም የት ነው የምታደርገው? ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሚዛኗ ላይ ትወጣለች። አርባ ሰባት ከአራት። አርባ ሰባት ከዘጠኝ። አርባ ስምንት። ጥር አለፈ፤ አርባ ስምንት ተኩል። የካቲት ገባ፤ አርባ ስምንት ተኩል። መጋቢት፤ አሁንም አርባ ስምንት ተኩል! ቀሚሷ ወገቧ ላይ ጠበብ አለባት። ታጥቦ ተኮማትሮ ነው ብላ ቀሚሱን ረገመች። ሚዛኑንማ እንዴት ትጠርጥር? የፊሊጶስ ማኅተም አለበት።

የሚዛኗ ዝና ቤቱን ሞላው። ወይዘሮ ፈለቀች «የማትዋሸዋ» ብለው ስም አወጡላትና ምድር ቤት ወዳለው ሱቃቸው እያወረዷት ከማረቆ የሚመጣላቸውን የበርበሬ ከረጢት ሳይቀር ማስመዘን ጀመሩ። ነጋዴው አቶ ላጲሶ ይባላል፤ አሥራ ሁለት ዓመት በርበሬ ያመጣላቸው ሰው ነው። ሃያ ኪሎ ያለው ከረጢት ሚዛኗ ላይ ወጥቶ አሥራ ዘጠኝ አለ። ሁለተኛውም አሥራ ዘጠኝ አለ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰርቀኝ ኖርክ!» ብለው ሰው እየሰማ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ጮኹበት።

«እኔ? እኔ ነኝ ወይዘሮ ፈለቀች?» አለ ላጲሶ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ከረጢቶቹን ተሸክሞ ሄደ፤ አልተመለሰም።

አንድ ቅዳሜ ሳምራዊት ሚዛኗ ላይ ወጣች። አርባ ስምንት ተኩል። ወረደችና በእግሯ መታቻት።

«በቃኝ!» አለች። «በቃኝ! ሁላችሁም አሸነፋችሁ!»

ወጥ ቤት ገብታ የእናቷን ቀይ ምስር ወጥ በሁለት እንጀራ በላች። ወይዘሮ ፈለቀች ከደስታ ብዛት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እልልታው ግን አልደረሰም። ምግቡ ሆዷ ውስጥ እንደ ፍም ነደደ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ተኛች።

ሰኞ ፊሊጶስ ሊጠይቃት መጥቶ ከአልጋዋ ግርጌ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ።

«አንተ ደግሞ! ምን አጠፋህ? እኔ ነኝ የበላሁት» አለችው። ሊያባብላት መስሏት አሳዘናት።

አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ፈለቀች ውሃ ይዘው ገቡ። አፉን ዘጋ።

ረቡዕ ወደ ሥራ ተመለሰች። መጋዘኑ በጽጌረዳ ካርቶን ተጨናንቆ፣ ሀጀር የወለሉ ሚዛን አጠገብ ቆማ ቁጥር ትመዘግባለች። ሳምራዊት ወረቀት ልታቀብላት አቋርጣ ስትራመድ ባዶው ሚዛን ላይ ቆመች።

«ውረጂ እንጂ ሴትዮ!» አለች ሀጀር። «ሃምሳ ሁለት ኪሎ ጨመርሽብኝ።»

«ስንት?»

«ሃምሳ ሁለት።»

ሳምራዊት ከባዱን የመጋዘን ጫማዋን አወለቀች። ጃኬቷን ጣለች።

«ሃምሳ አንድ» አለች ሀጀር። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ይህ ሚዛን ተበላሽቷል።»

«ኧረ ተይ! ባለፈው ሳምንት ያንቺው ሰውዬ ነው የፈተሸው። ይኸው ማኅተሙ።»

ሳምራዊት ማኅተሙን አየችው። ቤት ያለው ሚዛን ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ማን እንደዋሸ ሲገባት የካርቶኑ ክምር ላይ ተቀመጠች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መጥራቱ እንዲህ እንደሚያም ግን አልተነገራትም ነበር።

ከሥራ በኋላ ጁስ ቤቷ ውስጥ፣ የእነሱ ጠረጴዛ ላይ ጠበቀችው። ገና ሳይቀመጥ ጀመረች።

«ሚዛኑን ምን አደረግከው?»

የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«ፊሊጶስ! እኔ ነኝ የምጠይቅህ።»

«አጉድዬዋለሁ» አለ። ድምፁ አይሰማም። «ሃምሳውን አርባ ሰባት ተኩል እንዲል አድርጌዋለሁ።»

«ለምን?»

«እጄ ላይ ስትወድቂ ቀለልሽብኝ። ሥራዬ መመዘን ነው፤ እንዲህ የቀለለ ሰው ይዤ አላውቅም። የምትሞቺ መሰለኝ። ሃምሳ ላይ ስትደርስ ታቆማለች፣ ነገ ተመልሳ ትወርዳለች አልኩ። ትንሽ መጠባበቂያ ይኑራት ብዬ ነው። ለአንድ ወር ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ መብላት ጀመርሽ፣ ፊትሽ ተመለሰ። ልነግርሽ ባልኩ ቁጥር አፌ ተሳሰረ።»

«አራት ወር!» አለች። አስተናጋጇ ዞራ አየቻት፤ ግድ አልሰጣትም። «አራት ወር ሙሉ በየቅዳሜው አለቀስኩ። በልቼ በልቼ ሰውነቴ አይሰማኝም፣ ተበላሽቻለሁ ብዬ ራሴን ጠላሁት። ሃምሳ ሞልቼ ሳለሁ አልሞላሽም አልከኝ! ሠርጋችንን ያዘገየኸው አንተ ነህ፣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ቀን አልጋ ላይ ስንከባለል አይተኸኝ ዝም አልክ!»

«አውቃለሁ፣ ሳምሪ።»

«ሰው ሁሉ ከስተሻል ሲለኝ የታየውን ነው የነገረኝ። ያበሸቀኛል እንጂ አልዋሸኝም። የዋሸኸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

እንባው ሲመጣ አየች። ልቧ ሊራራ ሲል ሆዷን ይዛ የተኛችባቸው ቀናት ትዝ አሏትና ተነሣች። አቮካዶ ጁሷን ሳትነካው ወጣች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሲደውል አላነሣችም፤ ሲጽፍ አልመለሰችም። ለእናቷ «ሚዛኑ ባትሪ ጨርሷል» ብላ አልጋ ሥር ከተተችው። ለምን እውነቱን እንዳልተናገረች ራሷም አታውቅም። ሽማግሌውንም፣ ሠርጉንም፣ ሃምሳውንም ተወችው። አቮካዶዋን በሰዓቱ እየበላች፣ ጥጋብ የማይሰማት ሆነች። ናፈቃት። መናፈቋ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ፈለቀች ሲከፍቱ ፊሊጶስ በላብ ተጠምቆ ቆሟል። እግሩ ሥር ሁለት የሃያና አንድ የአሥር ኪሎ ብረት አለ። አራት ፎቅ ሁለቴ ተመላልሶ ነው ያወጣቸው።

«ምን ጉድ ነው የተሸከምከው?» አሉ።

«ሚዛኑን ያምጡልኝ፣ እትዬ» አለ። ሳምራዊት መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆመች። አላያትም፤ ወይም ማየት አልደፈረም።

ወይዘሮ ፈለቀች «ባትሪ ጨርሷል» የተባለውን ሚዛን ከአልጋ ሥር አውጥተው ሰጡት፤ ሦስቱንም ብረት ደራርቦ ጫነበት። አርባ ሰባት ተኩል።

«ይሄ ሃምሳ ነው» አለ ፊሊጶስ ተንበርክኮ። «ሚዛኑ አርባ ሰባት ተኩል የሚለው እኔ አዛብቼው ነው፤ ሳምሪ ብዙ እንድትበላ ብዬ። ሃምሳ ከሞላች ከሦስት ወር በላይ አልፏታል። እርስዎንም እሷንም ዋሽቻለሁ።»

ወይዘሮ ፈለቀች ጣታቸውን ወደ ሚዛኑ ቀሰሩ።

«እስቲ ሃያውን ብቻ አስቀምጥ።»

አስቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ።

«ዋይ! ላጲሶ!» ብለው ሶፋው ላይ ተዘረፈጡ። «በአደባባይ ሌባ አልኩት እኮ! አሥራ ሁለት ዓመት አንዲት ፍሬ ያላጎደለብኝን ሰው! አንተ ልጅ፣ ሳይቸግርህ ጤፍ ብድር! ምን አድርጌህ ነው?»

ፊሊጶስ የላጲሶን ነገር አያውቅም ነበር። ሲነግሩት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ስማኝ» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች። «ልጄ ይቅር ትልህ ይሆናል፤ የእናንተ ጉዳይ ነው። የላጲሶን ስም ግን በአንተ ሚዛን ነው የጣልኩት። አንተው አንሣው። ሽማግሌ ስትልክ አንደኛው ላጲሶ ይሁን። እሱ በዚህ በር ሳይገባ…»

«እኔስ?»

ሁለቱም ዞሩ። ሳምራዊት ከበሩ ላይ መጥታ መሐላቸው ቆመች።

«እኔን ማን ጠየቀኝ? ሐኪሙ ሃምሳ ይላል፣ አንቺ ሃምሳ ትያለሽ፣ ይሄ ደግሞ ሃምሳ ሁለት ተኩል ይላል። በእኔ ገላ ላይ ቁጥር የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ! ጥጋቤን የማውቀው እኔ፣ ሕመሜን የማውቀው እኔ!»

ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ይሰማል።

«አቃናው» አለችው። «አሁን፣ እያየሁህ። ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩን የማነበው እኔ ነኝ። ስትፈራ ‹ፈራሁ› በለኝ፤ አፍ አለህ። ፍርሃትህን ሚዛን ውስጥ አትደብቅብኝ።»

ፊሊጶስ ሚዛኑን ገልብጦ ፈታው። ቡሎኑ ሁለቴ ከእጁ ወደቀበት። በመጨረሻ ሃምሳው ሃምሳ አለ። አዲስ ማኅተም ለጠፈበት፤ ብረቶቹን ተሸክሞ ወረደ። ሳምራዊት አንድ ቃል ሳትጨምር በሩን ዘጋችና በሩን ተደግፋ አለቀሰች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እንደገና እሑድ፣ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሦስተኛው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ የያዘው ላጲሶ ነው። ሳምራዊት መኝታ ቤቷ ውስጥ ሆና ገርበብ ባለው በር ታያለች። ወይዘሮ ፈለቀች ገና ሲያዩት ጉልበቱ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ፤ ላጲሶ ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው።

«ይተዉ፣ ይተዉ። ሚዛን ነው የተሳሳተው፤ ሰው አይደለም» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ይህ ልጅ ማረቆ ድረስ መጣብኝ። አላውቀውም። ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሞ ‹እኚህ ሰው አላጎደሉም፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ› አለ። ስሙን በገዛ እጁ አፈር አስነካው፣ የእኔን ሊያነሣ ብሎ። እንግዲህ ወይዘሮ ፈለቀች፣ ሃያ ብዬ አሥራ ዘጠኝ አምጥቼልዎት አላውቅም። ልጁንም ሙሉ ነው ብዬ ነው ያመጣሁልዎት።»

ወይዘሮ ፈለቀች ዓይናቸውን ጠረጉ። ወግ ቢሆን ኖሮ «እንማከርበት» ብለው ሌላ ቀን ይቀጥሩ ነበር። እሳቸው ግን ወደ መኝታ ቤቱ ዞሩ።

«ሳምሪ፣ ነይ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሳምራዊት ወጥታ ሁሉንም እጅ ነሣች። ጠረጴዛው ላይ ለእንግዶቹ ከቀረበው ወጥ ጎን አንድ ሳህን የበቀለ ምስር ተቀምጧል። እሷ አልዘፈዘፈችውም። እናቷን አየቻቸው፤ እናቷ ወደ መስኮቱ አዩ።

«መጀመሪያ እሱን ላነጋግረው» አለች።

ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ፊሊጶስ ግቢው በር አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል።

«ከስተሃል!» አለችው።

ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማችው። ያቺው ቃል ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቃጠለቻት። ሳታስበው፣ ሰላም እንኳን ሳትለው፣ ከሆዷ ወጣች።

«ደህና ነኝ» አለ ፊሊጶስ።

«ስንት ሆንክ?»

«ስልሳ ሦስት። ሰባ ነበርኩ።»

«የት ተመዝነህ?»

«መጋዘናችሁ። ሀጀር ናት ያነበበችው።» ቀና ብሎ አያት። «ፈራሁ፣ ሳምሪ። አምስት ሳምንት ሙሉ ፈራሁ።»

ሳምራዊት ልትስቅም ልታለቅስም አልቻለችም። እጁን ያዘችው፤ አጥንቱ ቆረቆራት።

«ና ውጣ» አለችው። «ውጣና ብላ።»

አራተኛ ፎቅ እስኪደርሱ ድረስ እጁን አልለቀቀችም።